ጎተራ የማይገባ ሀብት

ዲማ ተወልዶ ያደገ ሰው ፍራፍሬን ከምግብ አይቆጥርም። ምግብ ማለት ጤፍ ነው። ጤፍ ሲያልቅ ስንዴ አለ፤ ስንዴ ሲያልቅ ጓያ አለ፤ ጓያም ሲያልቅ ዘመድ አለ። ፍሬ የእረኛ ነገር ነው። አጋሙ፣ ቀጋው፣ እንኮዩ፣ ሾላው፣ ዶቅማው ሁሉ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ንብረት ነው። እነሱም ቢሆኑ ማታ ቤት ሲገቡ «ምን በላችሁ?» ቢባሉ «ምንም» ነው መልሳቸው። ውሸታቸውን አይደለም፤ አገሩ የሚቆጥረው እንዲያ ነው። ጢም ያወጣ ሰው አጋም ሲለቅም ከታየማ ወሬው ቀድሞት ቤቱ ይገባል፤ «ምን ነካው? እህል ጠፋ እንዴ?» ይባልለታል።

የሰው ክብርም በጎተራ ነው የሚለካው። ልጁን ሊድር ያሰበ አባት የወደፊት አማቹን ከማየቱ በፊት የአማቹን አባት ጎተራ ያያል። ጎተራው ሙሉ ከሆነ የልጁ ጠባይ «ወደፊት ይሻሻላል» ተብሎ ይታለፋል። ጎተራው ጎደሎ ከሆነ ግን መልአክም ቢሆን ዘሩ እንደገና ይቆጠራል።

እርግጥ የዲማ ስም የሚነሳው በእህሉ ብቻ አይደለም። የጊዮርጊስ ገዳም አለ፤ የቅኔው ጉባኤ አለ። ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ይደርሰዋል፤ ሲቀናው ደግሞ ትኩስ ዳቦ ያገኛል። ፍራፍሬ የመጸወተ ቤት ግን ሰምቼ አላውቅም። ቢኖርም ተማሪው ቅኔ ሳይቀኝበት የሚያልፈው አይመስለኝም።

ከዚህ አገር ተነስቼ ነው እንግዲህ ለሥራ ተዛውሬ ፍኖተ ሰላም የገባሁት። መንገዱን ለማያውቅ ሰው፦ ከዲማ ቢቸና፣ ከቢቸና ደጀን፣ ከዚያ በሉማሜ አድርጎ ደብረ ማርቆስ፤ ከደብረ ማርቆስ በኋላ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በጅጋ እያለ ይወርዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ የተከናነብኩትን ጋቢ ደምበጫ ላይ ታቀፍኩት፤ ጅጋ ላይ ተቀመጥኩበት።

ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ፣ ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ቅርብ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚያ መጽሐፍ ልጁን ከማንኩሳ አስነስተው፣ ለትምህርት አዙረው አዙረው፣ እሳቸው ራሳቸው የተማሩባት ዲማ ላይ ያሳርፉታል። እዚያም ሰብለ ወንጌልን ያገኛል። እኔ እሱ የመጣበትን መንገድ ገልብጬ ሄድኩና ያገኘሁት ማንጎ ነው። ቅሬታ የለኝም። የእሱን መጨረሻ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። ጥንት ወጀት ነበር የምትባለው፤ የዛሬውን ስም ያወጡላት ንጉሡ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ነው ይባላል። ዙሪያዋን የጃቢ ጠህናን ገበሬ ከቧታል። በአጠገቧ የሚወርደው ላህ ነው። ላህ ወደ ብር ይገባል፣ ብርም ወደ ዓባይ። «ብር ሸለቆ» ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ወታደር ነው እንጂ ወንዙን የሚያስታውስ የለም፤ ላህ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ስም ነው ያለው። ስሙን ግን አትዩት። ልብስ ይታጠብበታል፣ ባጃጅ ይታጠብበታል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲቀሩ ይዋኙበታል። ከዚያ የተረፈውን ውኃ ጓሮ ያለው ሁሉ በቦይም በፓምፕም ይቀራመተዋል።

ጓሮ የሌለው ደግሞ የለም። ማንጎ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ዘይቱን፣ አሁን አሁን ደግሞ አቮካዶ። በዛፎቹ ሥር ቡናና ጌሾ። እኔ የተከራየሁት ክፍል የማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ዛፉ ከቤቱ በዕድሜ ይበልጣል፤ ቤቱን የሠሩት ሰዎች እሱን ላለመቁረጥ ሲሉ ግድግዳውን አጣመሙት እንጂ ዛፉን አልነኩትም። ለአንድ ዓመት ያህል ይህን እንደ ደግነት እቆጥረው ነበር።

የማንጎ ወራት የሚገባው በሚያዝያ ነው። የበሰለ ማንጎ ከዛፍ ላይ ሲወድቅ ቀን አይመርጥም፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ግን ሌሊትን ይወዳል። የሌሊት ወፎቹም አሉበት፤ ገምጠው ገምጠው የቀረውን ይለቁታል። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ «ዷ!» ነው። ከዚያ በቆርቆሮው ላይ ይንከባለላል፤ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ያመነታል፤ ከዚያ ሲሚንቶው ላይ «ጧ!» ይላል። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ሌሊት ድምፅ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማንጎ አይደለም። እኔም አልጋ ሥር ገብቼ ዳዊት ስደግም፣ አከራዬ ከወዲያኛው ክፍል፣ «አይዞህ ልጄ፣ በስሎ ነው!» አሉኝ።

አከራዬ ደግ ሴት ናቸው። ችግሬም የሚጀምረው ከደግነታቸው ነው።

ወራቱ በገባ ሳምንት ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሙሉ ሳፋ ማንጎ። «ቅመስ» አሉኝ። ጎጃም ውስጥ «ቅመስ» የተባለ ነገር ሲያንስ ሆድ የሚነፋ ነው። ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ። ሳፋው ግን ባዶውን አይመለስም። እናቴ እንዲያ ነው ያሳደገችኝ፤ የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ሰውየውን ደጁ ላይ እንደ መስደብ ይቆጠራል። ዙሪያዬን ሳይ ያለኝ ነገር እናቴ ከዲማ የላከችልኝ ሽሮ ብቻ ነው። በሰሃን ሰፍሬ በሳፋው ውስጥ አድርጌ መለስኩ። አከራዬ ቀመሱት። በማግስቱ ለጎረቤታቸው አስቀመሱ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቲቱ ራሷ ሳፋ ይዛ መጣች።

ማንጎን በማንጎ መመለስ አይቻልም። ሞክሬዋለሁ። ከአንዷ የተሰጠኝን ወስጄ ለሌላዋ ሰጠሁ፤ ሴትዮዋ ሳፋውን አየት አድርጋ፣ «ይሄማ የእነ እንትና ጓሮ ነው» ብላ ሳቀች። የየጓሮውን ማንጎ በመልኩ ይለያሉ! ስለዚህ በወራቱ ሙሉ ማንጎ ይገባል፣ ሽሮ ይወጣል። ግንቦት ሳይጋመስ የእናቴ ሽሮ አለቀ። ስልክ ደውዬ ሌላ እንድትልክልኝ ስለምን፣ «ለመሆኑ ስንት ሰው ነው የምትቀልብ? ሳትነግረኝ አገባህ እንዴ?» አለችኝ።

ከዲማ መምጣቴ ሌላም መዘዝ አለው። በፍኖተ ሰላም ሰው ዘንድ የዲማ ልጅ ማለት ባለ ቅኔ ማለት ነው። እኔ ከጉባኤው አጥር ውጭ ኳስ ስጫወት ያደግኩ መሆኔን የሚሰማኝ የለም። አከራዬ ሲፈልጉ «ልጄ»፣ እንግዳ ሲኖር ደግሞ «የኔታ» ነው የሚሉኝ። «እስቲ የኔታ፣ ለዚህ ማንጎ አንድ ጉባኤ ቃና!» ሲሉኝ አፌን በማንጎ ሞልቼ ጊዜ እገዛለሁ። ሙሉ ቤት ወይም መወድስ ያላሉኝ የቤቱን ስም ስለማያውቁት ብቻ ነው።

እውነተኛው ቅኔ አዋቂ አጎቴ ናቸው። በወጣትነታቸው ጥቂት ዘመን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው፣ ኋላ ወደ ሞፈር የተመለሱ ገበሬ ናቸው። አንድ ግንቦት ሊጠይቁኝ መጡ። በመጡ በማግስቱ አከራዬ ጓሮውን ሊያሳዩአቸው ወሰዷቸው። አጎቴ በትራቸውን ተደግፈው ዛፉን ዞሩት፤ ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ፤ መሬት ላይ የወደቀውን በበትራቸው ጫፍ ገለበጡት።

«ስንት ኩንታል ይወጣዋል?»

«እኛ በኩንታል አንቆጥርም አባቴ። የሚሸጠው በሳጥን ነው፤ በመደብም ነው።»

«ጎተራው የት ነው ታዲያ?»

«ጎተራ አናስገባውም። ቢገባ በሳምንቱ ይበሰብሳል።»

አጎቴ ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም። አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ደክሞ ያገኘው ሀብት ሳምንት የማይቆይ! በዲማ ሕግ ይህ ሀብት ሳይሆን አደጋ ነው።

«ክረምቱን ምን ትበላላችሁ?»

«ይሸጥና በብሩ ጤፍ ይገዛላ!»

«ከማን?»

«ከናንተ ነዋ አባቴ! ከማን ሊሆን ኖሯል?»

አጎቴ በዚህ መልስ ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲያ ዛፉን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ፤ እንደ ደንበኛ።

ምሳ ከመድረሱ በፊት ማንጎ ቀረበላቸው። የአገሬው ልጅ የሚበላበት ዘዴ አለው። ልጣጩን አይነካም፤ በሁለት መዳፉ መሃል አድርጎ ያሸዋል፣ ያሸዋል፤ ውስጡ ሲላላ ጫፉን በጥርሱ ይበሳና ይመጠዋል። ሲጨርስ ልጣጩና ፍሬው ይቀራል፤ ልብሱ ግን ንጹሕ ነው። አጎቴ ካራ ጠየቁ። ድንች እንደሚላጥ ላጡት። ጭማቂው በክርናቸው ወርዶ ቁምጣቸው ላይ ደረሰ። የአገር ማንጎ ቃጫ ይበዛዋል፤ ቃጫው በቀሩት ጥርሶቻቸው መሃል ገብቶ ቁጭ አለ። ስንጥር ይዘው ሲታገሉ ቆዩና ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ሰሙ መልካም ነው። ወርቁ ግን ጥርስ ውስጥ ይቀራል።»

ከዚያ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጢማቸውን አበሱ፣ ደልደል ብለው ተቀመጡና፣ «በሉ እንግዲህ፣ የሚበላ አቅርቡ» አሉ። የሳፋው ግማሽ ሆዳቸው ውስጥ ነው።

ማታ ሌላ ነገር መጣ። አጎቴ ቆላን ይፈራሉ። ፍኖተ ሰላም ቆላ አይደለችም፤ ወይና ደጋ ናት። ለዲማ ሰው ግን ጋቢ የሚወለቅበት አገር ሁሉ ቆላ ነው፤ ቆላ ደግሞ ንዳድ ነው። ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ ከቆላው አልፎ ወይና ደጋውን ሁሉ አዳርሶ፣ በአገር ደረጃ 150 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ጨርሷል። የእሳቸው ትውልድ የዚያን ወሬ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። ዛሬም በጃቢ ጠህናን በኩል ክረምቱ ሲወጣ ጤና ጣቢያው በወባ ሕመምተኛ ይሞላል። አጎቴ ታዲያ ጥፋተኛውን ለይተዋል፤ ማንጎ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ አንዱ ማንጎ፣ አንዱ የበቆሎ እሸት፣ አንዱ ሸንኮራ አገዳ ነው ይላል። ወባን የምታመጣው ትንኝ እንደሆነች፣ አጎበሩም የተሰቀለው ለእሷ እንደሆነ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። አጎበሩ ውስጥ ገቡ፣ ጠርዙን በፍራሹ ሥር አጠፉ፣ ከዚያ ድምፃቸው ከውስጥ መጣ፦ «አንተ ልጅ፣ ያን ሳፋ ወደ ውጭ አውጣው። ንዳዱን አብሮኝ አታሳድረው።»

ይህን የሚሉት ጓያ የሚበሉ ሰው ናቸው። ጓያ ሲበዛ እግር እንደሚሰብር ዲማ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የማይበላም የለም። የለመዱት ገዳይ ይሻላል መሰለኝ።

ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሌላ ጉዳይ መጣችና ወሬው ላይ ደረሰች። እሷ የመታችው በሌላ በኩል ነው። የበሰለ ማንጎ በቫይታሚን ኤ የታወቀ ነው፤ ቫይታሚን ኤ ያነሰው ሰው ዳፍንት ይይዘዋል፤ ሲመሽ ማየት ያቅተዋል። አጎቴ ዳፍንት ሲባል ቀና አሉ። በተማሪነታቸው ጊዜ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል የጠፋባቸው ጓደኞች ነበሯቸው። «እንዲህ ነው እንዴ?» አሉና አንድ ማንጎ አነሱ። እንደ መድኃኒት ስለሆነ አሁን ክብራቸውን አይነካም። በዚያን ቀን የወሰዱት መድኃኒት ለዲማ ሕዝብ በሙሉ የሚበቃ ነበር።

መናኸሪያውን ካላዩ ግን የዚህን ከተማ ነገር አላዩትም ብዬ ወሰድኳቸው። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ሲቆም፣ ገና ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ማንጎ የያዙ ሴቶችና ልጆች መስኮቱን ይወሩታል። ገበያው ከላይና ከታች ነው፤ ገዥው መስኮት ላይ፣ ሻጯ መሬት ላይ። ረዳቱ «ሳብ በል!» እስኪል ያለው ጊዜ ለክርክር አይበቃም፤ ቢሆንም ይከራከራሉ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ማንጎው መስኮት ውስጥ ይገባል፣ ብሩ ከመስኮት ይወጣል፣ መልሱ አየር ላይ ይቀራል። ሻጯ ትሮጣለች፤ ተሳፋሪው እጁን ዘርግቶ ይጮሃል። አብዛኛውን ጊዜ ሻጮቹ መልሱን ያደርሳሉ። አንዳንዴ አውቶቡሱ ይቀድማል፤ ማን ላይ እንደሚፈረድ እንጃ።

ተረጋግታ የምትሸጠዋ መሬት ላይ መደብ ሠርታ ነው። የመደብ አሠራር ጥበብ ነው። አራቱ ከሥር፣ አንዱ ከላይ። ከላይ የሚወጣው የቤቱ ወይዘሮ ነው፤ ቢጫ፣ ጉንጩ የቀላ፣ በነጠላ ጫፍ የተወለወለ። ከሥር ያሉት ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ጎናቸውን ወደ መሬት አድርገው ይቀመጣሉ። ገዥ ሲመጣ እጁን የሚልከው ወደ ላይኛው ነው፤ የሚገዛው ግን አምስቱንም ነው። አጎቴ ቁጢጥ ብለው አንዱን መደብ ከሥር ከሥሩ ገለበጡት። ሻጯ፣ «ምነው አባባ፣ ሊገዙ ነው ሊመረምሩ?» አለቻቸው። «ጤፍ ስገዛ እጄን እስከ ክርኔ ነው የምከት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ተከባበሩ። በመጨረሻ ከላይ የሚቀመጠውን ዓይነት አምስት መርጣ ሰጠቻቸው፤ እኔ በዚያ ከተማ ስኖር ሆኖልኝ አያውቅም።

ትልቁ ገበያ ግን ከመናኸሪያው ውጭ ነው። ነጋዴው ከደላላ ጋር መጥቶ ዛፉን በቁሙ ይገምታል፤ ሳጥኑ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ቃጫ አይወድም፤ «አፕል ማንጎ ነው?» ይላል። ስለዚህ አዳዲሶቹ ገበሬዎች የተዳቀለውን ችግኝ ይተክላሉ። እሱ በሦስት በአራት ዓመቱ ያፈራል፤ ከፍሬ የበቀለው ግን ስድስትና ሰባት ዓመት ያስጠብቃል። አርባ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ቡሬ፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ፓርኩ ሲመረቅ የሰፈሬ ሰው ሁሉ ማንጎው በጠርሙስ ታሽጎ ሲወጣ በዓይነ ሕሊናው አይቶ ነበር። የአከራዬ ማንጎ እስከማውቀው ድረስ አሁንም የሚጓዘው በአይሱዙ ነው፤ የሚታሸገውም በኔ ሆድ ነው።

አይሱዙውም ቢሆን መንገድ ሲኖር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉን የያዘው ግጭት መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶታል። የእህልና የፍሬ ልዩነት የገባኝ ያኔ ነው። መንገድ ሲዘጋ ባለ ጤፉ ጎተራውን ከድኖ ይጠብቃል፤ መንገዱ ሲከፈትም ዋጋው ጨምሮ ይቆየዋል። ባለ ማንጎው ግን ማንን ይጠብቃል? ዛፉ ስለ መንገድ አያውቅም፤ ቀኑ ሲደርስ ያበስላል። አንድ ሰሞን ከተማው ሁሉ ሳፋውን ይዞ በየደጁ ዞረ፤ ሁሉም ይሰጣል፣ የሚቀበል ጠፋ። በጎቹና ላሞቹ ሳይቀሩ ማንጎ ጠገቡ። አንዲት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩታ፣ «ሽሮ አልፈልግም፤ ሳፋውንም ባዶውን መልሰው፤ ብቻ ውሰድልኝ» ብላኛለች። ሳፋ ባዶውን ይመለስ ሲባል የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መንገድ በማይዘጋበት ጊዜ ደግሞ ጭማቂ ቤት አለ። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ፓፓያ ተደራርበው «ስፕሪስ» ይባላሉ፤ ዐቢይ ጾም ላይ ከፍቅረኛ ጋር የሚጠጣ ነገር ነው። አጎቴን ወሰድኳቸው። ማንኪያውን አልፈለጉም፤ ብርጭቆውን አንስተው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡትና፣ «አጥሚት ነው» አሉ። ሒሳቡን ሲሰሙ፣ «የአራስ ቤት መሰለኝ እንጂ የባለጠጋ ቤት መሆኑን መቼ አወቅሁ!» ብለው እስከ ቤት ድረስ አጉረመረሙ።

መሄጃቸው ሲደርስ አከራዬ ያልበሰለ ማንጎ በማዳበሪያ ጆንያ ሞሉላቸው። አጎቴ ጥሬውን ሲያዩ ቅር አላቸው፤ እንግዳ ጥሬ ነገር ተሸክሞ አይሄድም። «በጭድ ውስጥ ያስቀምጡት» አሏቸው አከራዬ፤ «ማንጎ ከዛፍ ወርዶም ይበስላል።» እውነት ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ራሱ በሚያወጣው ጋዝ ይበስላል፤ ታፍኖ ሲቀመጥ ደግሞ ይፈጥናል። ጭድ ሲባል የአጎቴ ፊት በራ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ የዲማ ሰው ከማንም የበለጠ ያለው ነገር ተገኘ። የጤፍ ጭድ!

የሆነውን በስልክ ሰማሁ። ጆንያውን ዲማ አድርሰው ባዶ ጎተራ ውስጥ ጭድ ነስንሰው አስቀመጡት። አዎ፣ ጎተራ ውስጥ፤ ሌላ ቦታ ሊያስቀምጡት ሕሊናቸው አልፈቀደም። በሳምንቱ ሽታው ሰፈሩን አዳረሰው። ሕፃናቱ ቀድመው ደረሱ፤ ከዚያ ሴቶቹ፤ ሽማግሌዎቹ «እስቲ ለዓይን መድኃኒት ነው ይባላል» እያሉ መጨረሻ ላይ ተጠጉ። የቅኔ ተማሪዎችም ደጁ ላይ ቆመው ነበር፤ ለእነሱም ተሰጣቸው። አጎቴ ፍሬውን መልሰው ለቅመው አጥሩ ሥር ተክለዋል። አንዱ በቅሎ እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር፤ የኅዳር ውርጭ ቀጨው። እሳቸው ግን ጥፋቱን በፍየሏ ላይ ነው የሚያሳብቡት። ዘንድሮም ፍሬ ላክልኝ ብለውኛል፤ ፍየሏን ሸጠዋታል።

እናንተ ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት በዚያ መንገድ የምታልፉ ከሆነ ከአውቶቡስ መስኮት አትግዙ፤ ውረዱ። መደቡን ከሥር ገልብጡት፤ አትፈሩ፣ ሻጮቹ የሚያከብሩት የሚገለብጠውን ነው። የላይኛውን አይታችሁ አምስቱን አትክፈሉ። ሩቅ የምትሄዱ ከሆነ ጥሬውን ግዙና በጭድ አፍኑት። ሻንጣችሁ ውስጥ ትንሽ ሽሮ ካለም ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ የኔ አልቋል።